የንቢቱ መስመሮች

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

የጠዋት ቆጠራ፦ ወርቅማ ዓሣ ሠላሳ ስምንት፣ ካናሪ አሥራ አንድ፣ በቀቀን አራት፣ ኤሊ ሁለት፣ ነብርማ እንሽላሊት ሰባት። የሞተ፣ አንድ ዓሣ። ከዛሬ ጀምሮ ለሽያጭ ያልቀረቡ፦ አንዲት እንሽላሊትና አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ።

እህቴ ትናንት ሆስፒታል ተኛች። ጉበቷ ነው አሉ። ሐኪሙ "ለጊዜው እናያታለን" አለኝ። ደንበኛ "እስቲ አይቼ ልመለስ" ካለ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ሐኪም "እናያታለን" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ልጇን ወደ ቤቴ አመጣኋት። አባቷ ገና ዳዴ ሳትል ነው ጥሎ የሄደው፤ ከእኔ ሌላ ወሳጅ የላትም። እናቷ "ዳኛዬ" ነው የምትላት፤ የተናገሩትን ይዛ ስለምታፋጥጥ። የልብስ ቦርሳዋን እኔ ተሸከምኩ። እሷ በሁለት እጇ የፕላስቲክ ሳጥኗን አቅፋ መጣች። ውስጡ ንቢቱ አለች።

ንቢቱ ከእኔው ሱቅ የወጣች ነብርማ እንሽላሊት ናት። መፈልፈያው ውስጥ እንቁላሏን ቀድዳ ስትወጣ እናትና ልጅ አጠገቤ ቆመው አይተዋል። ጀርባዋ ላይ አንድ ጥቁር መስመር፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቢጫ፤ ልክ እንደ ንብ። ስሙን ያወጣችው እህቴ ናት። ዋጋ አልተቀበልኳትም፤ እሷም ሱቁን ለቅቃ እስክትወጣ ድረስ ስትቀልድብኝ ነበር፣ "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች" እያለች።

ልጅቱ ራት ላይ፦
"እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?"
"ሲሻላት።"
"ሲሻላት መቼ ነው?"
"ሐኪሙ ሲል።"
"ሐኪሙን ጠይቀኸዋል?"
ሳህኔን አንስቼ ላጥብ ሄድኩ።


ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰችኝ። "ንቢቱ ጠቆረች።"

እውነቷን ነው። ቢጫው ጭቃ መስሏል። ብቻዬን ስኖር ቤቴ ይህን ያህል ቀዝቃዛ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሱቅ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ንጣፍ አምጥቼ ከሳጥኑ ግማሽ ሥር አነጠፍኩ። ግማሹን ብቻ ነው፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ይኑራት። ማታ ስንመለስ ፈክታ ጠበቀችን።

ልጅቱን አስረዳኋት። እንሽላሊት የራሷ ሙቀት የላትም። ሲበርዳትና ስትፈራ ትጠቁራለች፣ ሲመቻት ትፈካለች። በሽታ ሲሆን ግን ቀለሟን ብቻ አትይ፤ ጭራዋን እዪ። ስንቋ ያለው እዚያ ነው። ጭራዋ ከሳ ማለት ነገሩ ሥር ሰደደ ማለት ነው።

"እማዬስ ስንቋ የት ነው?"

እጄን ከሳጥኑ ሥር ሰደድኩ። ንጣፉ ይሠራል።


ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

ገበያ። ሁለት ካናሪ፣ አንድ ኤሊ፣ አንድ እንሽላሊት ሸጥኩ። እንሽላሊቷ ገና መስመሯ ሳይደበዝዝ መሄዷ ጥሩ። ሦስት ወር ካለፋቸው ገዥ ዓይኑ አያርፍባቸውም።

ሱቁን እንደዘጋሁ ሆስፒታል ደረስኩ። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ፊቷም።

"አየኸኝ ወንድም ጋሼ? ንቢቱን ሆንኩ። ጥቁሩ መስመር ብቻ ነው የቀረኝ።"

ሳቅኩ። እሷ ቀድማ ስለሳቀች።

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። "ዳኛዬ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ። ትንሽ ቀለሜ ይመለስ፣ ከዚያ ታመጣታለህ።"

እሺ አልኳት። የሆስፒታሉም ደንብ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች አያስገባም። ለሁላችንም የሚስማማ ነገር ነው።


ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ንቢቱ ነጭ ሆነች። ዱቄት የተነሰነሰባት ይመስል ከራስ እስከ ጭራ ግራጫ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ቁርሷን ብቻ አልነካችም። "ልትሞት ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንሽላሊቷ እንዳትሰማ።

"ልብሷን ልትቀይር ነው" አልኳት። እርጥብ ጨርቅ ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩላት። እርጥበት ካላገኘች አሮጌው ቆዳ ጣቷ ላይ ይደርቅና ጣቷን አንቆ ይቆርጠዋል። ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቧ ተደፍተን አየናት። ድንጋይ ላይ አፍንጫዋን ፈተገች፣ ቆዳው ከከንፈሯ ተላቀቀ፣ እንደ ካልሲ እየጎተተች አወለቀችው። ከዚያ በላችው።

"ለምን ትበላዋለች?"
"ምግብ ነዋ። የራሷን ንብረት አትጥልም። በንግድ ከእኔ ትሻላለች።"
"እኔ ለእማዬ ላሳያት ነበር ቆዳውን።"

ዝም ካልኩ ጥያቄው እንደሚቀጥል ስለገባኝ፣ "እናትሽ ደህና ናት፣ ፊቷ በርቷል" አልኳት። ውሸት አይደለም። ቢጫ ይበራል።


ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

የባንኩ ሒሳብ ሹም ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ባለፈው ዓመት ለልጁ ካናሪ የገዛኝ ነው።

"ዛሬ ጠዋት እግሯን ሰቅላ አገኘኋት" አለኝ፣ የሰው እንጂ የወፍ ሞት የማያስለቅሰው መሆኑን ለማሳየት እየሞከረ። "ልጄ ስድስት ሰዓት ላይ ከቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ትመጣለች።"
"ግራ ክንፏ ላይ ነጭ ነበረባት።"
"እንዴት አስታወስክ?"
"ሥራዬ ነው።"

ይህ በእኛ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ከሚመጡት አባቶች ግማሹ ለዚህ ነው የሚመጡት። ከጓዳ ግራ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባትን አንዷን አውጥቼ ሰጠሁት። የገዛ እናቷ አትለያትም። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

ዳኛዋ ከባንኮኒው ጀርባ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራ ነበር።

"አጎቴ፣ ልጅቷ አታውቅም?"
"አታውቅም።"
"ወፏስ ስሟን ታውቃለች?"
"የትኛዋ ወፍ?"
"አዲሷ።"
"በሁለት ቀን ትለምደዋለች።"
"ሁልጊዜ እንደዚህ ታደርጋለህ?"
"ሰው ሲቸገር።"
"እናቷም አታውቅም?"
"አባትየው ካልነገራት።"
እርሳሷን ነከሰች። "ጎበዝ ነህ ማለት ነው" አለች።

ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።


ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ቆጠራ፦ ዓሣ ሠላሳ አንድ፣ ካናሪ ስምንት፣ በቀቀን አራት፣ ኤሊ አንድ፣ እንሽላሊት አምስት። የሞተ የለም። የተከሰሰ አንድ፦ እኔ።

ንቢቱ ትናንት ሌሊት ሌላ ቆዳ ጣለች። በዚህ ዕድሜያቸው ቶሎ ቶሎ ነው። ከአዲሱ ቆዳ ጋር የአንገቷ ጥቁር መስመር መሃሉ ተከፍቶ፣ ቢጫው ላይ ቡናማ ጠብታዎች ተበትነዋል። ያው የሚጠበቀው ነው። ሲያድጉ መስመሩ ይፈርስና ነጠብጣብ ይሆናል፤ ነብርማ የተባሉትም በዚሁ ነው። ለልጅቱ አስቀድሜ አለመንገሬ ነው ጥፋቱ።

"ንቢቱ የታለች?"
"ይቺውልሽ።"
"ይቺ አይደለችም። የንቢቱ የአንገቷ መስመር ሙሉ ነው።"
"አድጋ ነው። ሲያድጉ..."
"ሞታ ነው አይደል? እኔ ተኝቼ ሳለሁ ለወጥካት።"
"አልለወጥኳትም።"
"ለዚያችም ልጅ አባቷ እንደዚህ ነው የሚላት።"

በሕይወቴ ብዙ ሰው "ዋሸኸኝ" ብሎኛል፤ አብዛኛው ልክ ነበር። ንጹሕ በሆንኩበት ቀን የማቀርበው ምስክር ማጣቴ ገረመኝ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሲሰማ መቀሱን ጥሎ ሳቀ። "የሰው ወፍ ስትቀይር ኖረህ በገዛ ቤትህ ችሎት ቆምካ! ታገሥ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"
"እያደር ማለት ስንት ቀን ነው?"
"እሱን ዳኛዋን ጠይቅ" አለኝና ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።


ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

ክሱን ለእህቴ ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች። ሲስተር መጥታ ቀና አደረገቻት፣ እኔንም ገላመጠችኝ።

"በወሬ አታምንህም" አለችኝ እህቴ ትንፋሿን ስትሰበስብ። "በእኔም እንደዚያው ናት። አትንገራት፣ አሳያት። እንዴት እንደተለወጠች አንድ በአንድ ትይ።"

ጥሩ ምክር ነው። ድሮም ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ነጋዴ መሆን የሚገባት።

መስታወቷን ከመሳቢያው አውጥቼ ወደ ቤት እንድወስድላት ጠየቀችኝ። ወሰድኩት።


ኅዳር 3፣ ሰኞ

ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ የንቢቱ ፎቶ። በነጭ ወረቀት ላይ፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ አጠገቧ አንድ ሳንቲም ለመጠን። ስትፈለፈል ለማስታወቂያ ያነሳኋት አለ። ክሱ በተመሠረተ ቀን በስልኬ ያነሳኋትም አለ። የዛሬው ሦስተኛ ነው። ፎቶ ቤቱ አጠበልኝ። ከልጅቱ አልጋ ራስጌ ግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል ለጠፍናቸው።

ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። "ምስክሩ ገና አልበቃም" አለች።

ቢያንስ ችሎቱ ቀጠሮ ሰጥቷል።


ኅዳር 7፣ ዓርብ

የዓሣ ጭነት ገባ። ሁለት ከረጢት ፈንድቷል። ውኃ በየቦታው። ምሳ የለም።

ሲስተር ደወለች። "ጋሼ፣ ልጅ አለቻት አይደል? ብታመጧት ጥሩ ነው። የደንቡን ነገር ለእኔ ይተዉት።"
"ጭነት ገብቶብኛል፣ ከሰኞ በኋላ" አልኳት።
"እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" ብላ ዘጋችው።

እኔ አውቃለሁ። ዓሣው በአንድ ቀን ካልተላመደ ያልቃል። እህቴም ቀለሜ ይመለስ ብላለች። ቃል ቃል ነው።


ኅዳር 10፣ ሰኞ

አራተኛ ፎቶ። የጀርባዋ ሁለተኛ መስመርም ተሰነጠቀ። ጭራዋ ወፍራም፣ ጤናዋ ሙሉ። ከጭነቱ ዓሣ የሞተው ጥቂት ነው።

ዳኛዋ ፎቶ ቁጥር ሁለትና ሦስትን አንስታ መብራት ላይ ደራርባ ያዘቻቸው። ማንም አላስተማራትም። "ይሄ ጠብታ እዚህም አለ" አለች። ሌላ አላለችም።

ዛሬ ስለ እናቷ አልጠየቀችም። ሁለተኛ ቀኗ ነው። ይህን እንደ ትርፍ ልቁጠረው ወይስ እንደ ኪሳራ አላወቅሁም።


ኅዳር 13፣ ሐሙስ

እህቴ አትበላም። ፊቷ ከቢጫነት ወደ አመድነት ሄዷል። ሆዷ አብጦ ክንዷ የእንጨት ያህል ቀጥኗል። ጸጉሯ እያስቸገራት ሲስተር አሳጥራዋለች። የእጇ ቅርጽ ብቻ ነው ያልተለወጠው፤ ረጃጅም ጣቶች፣ እንደ እናታችን።

"ቀለሜ ተመለሰ?"
"እየተመለሰ ነው።"
"ሙያህን በእኔ ላይ ትሠራብኛለህ" አለችኝ። ከዚያ ስለ ዓሣዎቹ ጠየቀችኝ። ድምጿ ከጉሮሮዋ አይወጣም፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የምሰማት።

ኮሪደር ላይ ሁለት ጠያቂዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ "የአሥራ አራት ቁጥሯ ሰው የላትም መሰል" አለች። አሥራ አራት ቁጥር የእኛ ነው። መልስ ልሰጣት ዞሬ ነበር፤ ተውኩት። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አልመጣም ነበርና።


ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ፍርድ ተሰጠ።

አምስተኛውን ፎቶ ከለጠፍን በኋላ ወንበር ላይ ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቷ ሄደች። ተመልሳ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ከዚያ ወርዳ ሳጥኑን ከፈተችና ንቢቱን መዳፏ ላይ አደረገቻት። ከከሰሰችኝ ቀን ጀምሮ ነክታት አታውቅም ነበር።

"ያቺው ናት" አለች። "ይቅርታ ንቢቱ።"
"እኔስ?"
"አንተማ ወፏን ቀይረሃል።"

ሱቅ ስደርስ ለልብስ ሰፊው ነገርኩት። በሃያ ዓመት ንግድ እንደዚህ ያለ ደንበኛ አሳምኜ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ፊቴ ሲበራ ነበር አለኝ።


ኅዳር 20፣ ሐሙስ

አንዲት ሴትዮ እንሽላሊት በካርቶን ይዛ ገባች፣ ዓይኗ ቀልቶ።
"ቀለም ቀብተህ ነው የሸጥክልኝ! የሜዳ አህያ ገዝቼ ነብር ሆነችብኝ!"
አፌን ሳልከፍት ዳኛዋ ከጆንያው ላይ ተነሳች። "እትዬ፣ ቀለሟ አለቀቀም እኮ። እያደገች ነው። በየሳምንቱ ብታዪያት ታውቂያት ነበር። ሳታዪያት ቆይተሽ ነው ሌላ የመሰለችሽ።"
ሴትዮዋ እኔን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ ካርቶኑን አየች። "ይቺ የማን ናት?"
"የእህቴ" አልኩ።
"እናቷ ታድላለች" ብላ ለመኖ ፌንጣ ገዝታ ሄደች።


ኅዳር 21፣ ዓርብ

ሲስተር ጠዋት ደወለች። "ዛሬ ያምጧት" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሱቁን ዘግቼ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወሰድኳት።

በመንገድ ላይ ልነግራት አስቤ ነበር። ስለ ትምህርት ቤት ጠየቅኋት። ስለ ሒሳብ ፈተናዋ። እሷ የንቢቱን አምስት ፎቶዎች ከግድግዳው ነቅላ በፖስታ ይዛ ነበር፤ እናቷ አይታ እንድትፈርድ። ስንቱን የገበያ ቀን በምላሴ ያሳለፍኩ ሰው፣ ከአውቶቡሱ እስክንወርድ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጀመር አቃተኝ።

ሲስተር በጎን በር አስገባችን። ክፍሉ በር ላይ ልጅቱ ቆመች። ሁለቱን አልጋዎች አየች፤ አንዱ ባዶ ነበር። መስኮቱን አየች። ወደ እኔ ዞራ፣ ሰው ክፍል ተሳስቶ እንደገባ ቀስ ብላ፣ "እማዬ እዚህ የለችም" አለች።

እህቴ ሰማች። ሁልጊዜም ከእኔ ቀድማ ነው ነገር የሚገባት። ልጇን አየች፤ የልጇን ዓይን አየች፤ ምን እንደሚያይ አወቀች። እኔ "ይቺ እኮ..." ብዬ ልጀምር ስል እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ አነሳች። ተው ማለቷ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ይህችን ምልክት።

"ነይ የኔ ልጅ" አለቻት፣ በዚያ በጠፋ ድምጿ። "እናትሽ ለምርመራ ወርዳለች። እኔ እዚሁ አብሬያት የምተኛ ነኝ። ስለ አንቺ ብዙ ነግራኛለች።"

ልጅቱ ተጠጋች። ትልቅ ሰው እንደሚጨብጡ በሁለት እጇ ጨበጠቻት። "እግዚአብሔር ይማርዎት" አለቻት።

"ዳኛ ናት ብላኛለች። እውነት ነው?"
"ለቀልድ ነው እንደዚያ የምትለኝ።"
"እንሽላሊትሽስ ደህና ናት?"

ይህን ጊዜ ፖስታውን አወጣች። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አሳየቻት። "ይሄ ስትፈለፈል ነው፣ እማዬም ነበረች። እዚህ ጋ መስመሯ ተከፈተ። እኔ ሞታ አጎቴ የቀየራት መስሎኝ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ ይቺን ጠብታ ይዩ፣ እዚህም አለች፣ እዚህም አለች። መስመሩ ጠፋ እንጂ ያቺው ናት።"

እህቴ እያንዳንዱን ፎቶ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። የመጨረሻው ላይ ቆየች። "አየሁ" አለች። "ያቺው ናት።"

"ለእማዬ ይነግሩልኛል?"
"እነግራታለሁ።"
"ፎቶዎቹን ልተውላት?"
"ተይላት። ስትመጣ ታያቸዋለች።"

ልጅቱ ወርዳ ጫማዋን አስተካከለች። እህቴ፣ "እናትሽ፣ ልጄ ስትመጣ ሳሚልኝ ብላኝ ነበር፤ ልሳምሽ?" አለቻት። ልጅቱ ግንባሯን ሰጠቻት፣ ለማያውቋት ዘመድ እንደሚሰጥ፤ ቀጥ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ።

እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር። ቦርሳዋን አንስቼ በሩን ከፈትኩላት።

በመመለሻችን፣ "ደግ ሴትዮ ናት፣ በጣም ታማለች ግን" አለችኝ። ከዚያ አይስክሬም ጠየቀችኝ። ገዛሁላት።


ኅዳር 23፣ እሑድ

ዛሬ ጎህ ሲቀድ። ሲስተር ናት የደወለችው።

ልጅቱ ተኝታለች። ንቢቱን ፌንጣ አበላሁ።


ኅዳር 24፣ ሰኞ

ቀበርናት። ልጅቱን የልብስ ሰፊው ሚስት ዘንድ አዋልኳት። እናቷ መሞቷን አልነገርኳትም፤ "ዛሬ ሥራ አለብኝ" አልኳት። አሁንም እንደ ነጋዴ ነው የምናገረው።

ልብስ ሰፊው መቃብሩ ዳር አብሮኝ ቆመ። አንድም ቀልድ አልነበረውም።

ዛሬ አልቆጠርኩም።


ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ነገርኳት። መያዣ የሌለው ነገር ሆኖብኝ ከየት እንደምይዘው ሳላውቅ፣ ከቁርስ በኋላ እንዳለ ዘረገፍኩት። እናትሽ እሑድ አረፈች አልኳት።

"ምርመራው ላይ?"
"አይደለም። አልጋዋ ላይ።"
"ሴትዮዋስ?"

መልስ ሳልሰጣት ፊቴን አነበበችው። ወንበሩ ላይ ሆና እግሯ መሬት አልነካም። ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"እጇን ሳይ ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ጣቷን። ግን እሷም አይደለሁም አለች፣ አንተም ዝም አልክ። አንተ ዝም ስትል እውነት መሰለኝ።"

"እሷ ናት ዝም በል ያለችኝ" ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተመለሰ። ጥቅምት ላይ ግን ማንም ዝም በል አላለኝም።

"የንቢቱን በየሳምንቱ አሳየኸኝ።"
"አዎ።"
"የእማዬን ግን..."

አልጨረሰችውም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተመለከተቻቸው። "እኔ እኮ ጨበጥኳት" አለች። "ጨበጥኳት። እንደ እንግዳ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ላቅፋት ስነሳ ሸሸችኝ። ከዚያ ተመልሳ መጣች፣ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ ስለሌለ። ሸሚዜ እስኪርስ ድረስ ይዣት ቆየሁ። ምን ብናገር ገዥ የማግባባ ስለመሰለኝ ጸጉሯን ብቻ ደባበስኩ።


ኅዳር 30፣ እሑድ

ሦስት ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። ልብስ ሰፊው ወፎቹንና ዓሣዎቹን እያበላልኝ ነው። አንድ ካናሪ ሞታለች አለኝ። "ምን ላድርጋት?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ "ቅበራት" አልኩት።

ልጅቱ ትበላለች፣ ትተኛለች። ከእኔ ጋር የምታወራው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ግን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ንቢቱ ከጉልበቷ ላይ ሆና ምላሷን ታወጣለች። ጀርባዋ ላይ አንድም ሙሉ መስመር አልቀረም።

"እማዬ ስትሞት ምን መሰለች?"

ልሸሽ የምችልባቸውን መንገዶች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ሙያዬ ናቸው። ያየሁትን ነገርኳት። ፊቷ አመድ እንደነበረ፣ ከንፈሯ እንደተሰነጠቀ፣ ጸጉሯን ማን እንዳሳጠረው። መቼ ቢጫ እንደሆነች፣ ስትስቅ ምን እንዳለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ በየተራው። በመሃል እያስቆመች ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ። አንዳንዱን አላውቅም፤ አልነበርኩምና። አላውቅም አልኳት።

ሲበቃት ተነስታ ሄደች። አመሰግናለሁ አላለችም። ይቅርታም አላደረገችልኝም።

ሲስተር ደውላ ነበር፤ የእህቴ ሻንጣ፣ የንቢቱ ፎቶዎችም በውስጡ፣ ዕቃ ቤት ተቀምጧል፣ ቅርብ ዘመድ ፈርሞ ይውሰደው ብላለች።

ነገ፦ ከትምህርት ቤት ማስፈቀድ። ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል፣ ከልጅቱ ጋር። ፈርሜ ሻንጣውን መቀበል፣ ሳልከፍት ለእሷ መስጠት። ሱቅ ከሰዓት በኋላ።